የክፉዎች ኑሮ ሲያስቀናችሁ

እግዚአብሔርን የማይፈራ ሰው ሁሉ ነገር ሲሳካለት አይታችሁ ውስጣችሁ ከተቃጠለ፣ ስሜቱን አፍናችሁ አትያዙት። መዝሙር 73ን (በአንዳንድ ዕትም 72 ነው) ጮክ ብላችሁ አንብቡ። የመዝሙሩ ዘማሪ አሳፍ ምንም አልሸፋፈነም። በክፉዎች ሰላም መቅናቱን፣ እግሩ ሊሰናከል ጥቂት እንደቀረው ይናገራል። ልቡን ያነጻው በከንቱ እስኪመስለው ደርሶ ነበር! ቁጥር 17 ላይ ግን ወደ መቅደስ ገባ፤ ፍጻሜያቸውንም አስተዋለ። እዚያ ላይ ቆም በሉ፣ አትቸኩሉ።

ደግሞ ቅናት ወደ መኮረጅ የሚሻገረው በትንሽ ነገር ነው። ደረሰኝ ላይ ቁጥር መጨመር፣ "ሁሉም የሚያደርገው ነው" ብሎ ሚዛን ማጉደል። ይህችን አባባል ከራሳችሁ አፍ ከሰማችኋት ያን ቀን ምንም አትፈርሙ። ለምታምኑት ወዳጅ ደውሉና ያሰባችሁትን ሳትቀንሱ ንገሩት፤ አብሯችሁም ይጸልይ።