ዩፒኤሱ «ባትሪ ሙሉ ነው» ይላል፣ መብራት ሲሄድ ግን ሰርቨሩም ይሄዳል

ዩፒኤስ መብራት ሲሄድ ሰርቨሩን በባትሪ የሚያቆየው መሣሪያ ነው። ብሬከሩንና ገመዱን አይታችኋል ብዬ ልጀምር። ያንን ሳያይ የሚደውልልኝ ሰው አለ፤ እሱን ተዉት።

ምልክቱ ይሄ ነው። ስክሪኑ ባትሪ 100%፣ ቀሪ ጊዜ 22 ደቂቃ ይላል። መብራት ይሄዳል። ጄኔሬተሩ ሥራ እስኪይዝ 15 ሰከንድ ይፈልጋል። ዩፒኤሱ ግን በስምንተኛው ሰከንድ ጭጭ። ያ ሁሉ የፋን ጩኸት ባንዴ ሲቆም የሰማ ሰው አይረሳውም።

ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው አንድ ባትሪ ነው። 32 ባለ 12 ቮልት ባትሪ በሲሪስ (አንዱ ከሌላው ተቀጣጥሎ) ሲታሰር አንዱ ከደከመ ሁሉንም ይዞ ይወድቃል። ተንኮሉ ደግሞ ቻርጅ ላይ ሳለ ጤነኛ መምሰሉ ነው። እንደ ጓደኞቹ 13.6 ቮልት ያሳያል። ስለዚህ ቻርጅ ላይ ለክታችሁ «ደህና ነው» አትበሉ። ሰርቨሮቹን በሥርዓት አጥፉ፣ በምትካቸው ዩፒኤሱ የሚችለውን ያህል ሂተር ሰኩ፣ ከዚያ ወደ ባትሪ አዙሩና አንድ በአንድ ለኩ። ሌሎቹ 12 አካባቢ ሲቆዩ አንዱ ከ10 በታች ከወረደ ሌባውን ያዛችሁት።

ድምሩ ከ430 ቮልት በላይ ዲሲ ነው። ይገድላል። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። ብቻችሁን አትግቡ። ደግሜ ልበል፣ ብቻችሁን አትግቡ።

አሁን ወደ ዋናው። አንድ መሥሪያ ቤት ሙሉውን ባትሪ ቀየርኩ። በ14 ወሩ ሞተ። ሙቀት ነው አልኩ። የዚህ ዓይነት (የሊድ አሲድ) ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፣ እነሱ ደግሞ ለመቆጠብ ብለው ዓርብ ማታ የክፍሉን ማቀዝቀዣ (ኤሲ) ያጠፋሉ። ተናድጄ ወጣሁ።

ከዚያ አንድ ባልደረባዬ ሌላ ቦታ ያንኑ ችግር አገኘ፤ ክፍሉ ግን 21 ዲግሪ ነው። ሦስተኛ ሰውም መጣ። ደብተሮቻችንን ጎን ለጎን ዘረጋን። የእኔ «ባትሪ ተቀየረ» ይላል፣ በቃ። ያፍራል ሰው። የባልደረባዬ ግን ባትሪው ላይ የታተመውን የምርት ቀን ጽፏል። አሮጌዎቹ የኔ ባትሪዎች ጥበቃው ቤት ጀርባ ተከምረው አገኘኋቸው። የሻጩ ተለጣፊ ልክ ቀኑ ላይ ተለጥፏል። በጥፍሬ ላጥኩት። የሦስታችንም ባትሪዎች የተመረቱት በተመሳሳይ ወር ነው፤ እኛ ከመግዛታችን በፊት ከዓመት በላይ ሱቅ ተቀምጠዋል። የሊድ አሲድ ባትሪ ቁጭ ብሎም ይደክማል፤ በየስድስት ወሩ ገደማ ቻርጅ ካልተደረገ ውስጡ ሰልፌት (ቻርጅ እንዳይቀበል የሚያደርግ ጠጣር ነገር) ይይዛል። ሙቀቱ አባብሶት ይሆናል እንጂ ገዳዩ እሱ አልነበረም።

መፍትሄው፦ ተለጣፊውን ልጣችሁ ቀኑን አንብቡ። ስድስት ወር ካለፈውና ቻርጅ መደረጉን የሚያሳይ ነገር ከሌለ አትግዙ፣ ቢረክስም። ከአሮጌ ጋር አትቀላቅሉ። ከዚያ የምርት ቀኑን፣ የተገጠመበትን ቀን፣ የክፍሉን ሙቀትና መብራት ሲሄድ ስንት ሰከንድ እንደያዘ ጻፉና ለሌሎች ቴክኒሽያኖች አካፍሉ። እኛ አንድ ኤክሴል አለን። የደንበኛም የቴክኒሽያንም ስም አይገባበትም፣ ስም ከገባ ሰው ስህተቱን ይደብቃል። በአሜሪካ ናሳ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የአቪዬሽን ደህንነት ሪፖርቶችን የጻፋቸውን ሰው ስም እየሰረዘ የሚሰበስበው በዚሁ ምክንያት ነው። ባክብሌዝ የተባለው የዳታ ማከማቻ ኩባንያም የሃርድ ዲስኮቹን ብልሽት በየሞዴሉ ለሁሉም ይለቃል፤ ገዢ የሚፈራውን ሞዴል ያውቃል።

ባትሪው ሁሉ ደህና ሆኖ አሁንም ከጠፋ የተርሚናል ብሎን ላልቶ ይሆናል። ካልሆነ ዩፒኤሱ ውስጥ ያለው ካፓሲተር ነው፤ ለሚያውቀው ስጡት።