ከዳሌ ራጅ ላይ የሰውን ጾታ በልኬት እንዴት መገመት ይቻላል

ማንነቱ ያልታወቀ አጽም ሲመረመር፣ ከአጥንቶች ሁሉ ጾታን አጉልቶ የሚያሳየው ዳሌ ነው። ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው በጉርምስና ወቅት በመሆኑ፣ ከዚህ በታች ያለው ልኬት ለአዋቂዎች እንጂ ለልጆች አያገለግልም።

በመጀመሪያ ምስሉ ለመለካት የሚበቃ መሆኑን ያረጋግጡ። ራጁ ፊት ለፊት የተነሳ፣ ከታች በግራና በቀኝ የሚታዩት ሁለቱ ትልልቅ ቀዳዳዎች እኩል የሆኑበት፣ የጭራ አጥንቱም ጫፍ ከፊተኛው የዳሌ መገጣጠሚያ ጋር በአንድ መስመር የሚውልበት መሆን አለበት። ዳሌው ከዞረ ወይም ካዘመመ ማዕዘኑ ስለሚዛባ፣ እንዲህ ያለውን ምስል መተው ይሻላል።

ቀጥሎ ከመገጣጠሚያው ታችኛ ጫፍ ተነስተው፣ ግራና ቀኝ ቁልቁል የሚወርዱትን አጥንቶች ውስጠኛ ጠርዝ ተከትለው ሁለት መስመሮች ያስምሩና በመካከላቸው ያለውን ማዕዘን ይለኩ። ጠባቡ ወደ ወንድ፣ ሰፊው ወደ ሴት ያደላል። «ከ90 ዲግሪ በላይ ከሆነ ሴት ናት» የሚለውን ደንብ ግን በጭፍን መያዝ አደገኛ ነው፤ በዩጋንዳ በአዋቂዎች ራጅ ላይ በተደረገ ጥናት የወንዶቹ አማካይ ራሱ 94፣ የሴቶቹ ደግሞ 116 ዲግሪ ገደማ ነበርና። የመለያው ቁጥር መወሰድ ያለበት ከዚያው ሕዝብ፣ በዚያው አለካክ ከተገኘ መረጃ ነው።

ከዚያ በኋላ ንጽጽሩ ይመጣል። አሜሪካዊው የአንትሮፖሎጂ ባለሙያ ሸርዉድ ዋሽበርን በ1948 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ዘዴ የፊተኛው የዳሌ አጥንት ርዝመት ለመቀመጫ አጥንት ርዝመት ተካፍሎ በ100 ይባዛል፤ ውጤቱ በሴቶች ከፍ ይላል። ሁለቱም ርዝመቶች የሚነሱት የጭን አጥንት ራስ ከሚገባበት ጎድጓዳ ሲሆን፣ በራጅ ላይ ትክክለኛው መነሻ ነጥብ ስለሚደበዝዝ የመረጡትን ምልክት በሁሉም ምስሎች ላይ አንድ ዓይነት ያድርጉት።

በሚሊሜትር የተለካን ነጠላ ርዝመት ብቻውን አልመክርም። የጨረሩ ምንጭ ከምስል መቀበያው 100 ሴንቲሜትር፣ አጥንቱ ደግሞ ከመቀበያው 10 ሴንቲሜትር ቢርቅ፣ አጥንቱ 11 በመቶ ያህል ገዝፎ ይታያል። ማዕዘንና ንጽጽር ከዚህ ስሕተት በእጅጉ ይድናሉ።

በመጨረሻ ሌላ ባለሙያ የእርስዎን ቁጥሮች ሳያይ ልኬቱን ይድገመው። ማዕዘኑና ንጽጽሩ ከተጋጩ፣ ወይም ሁለቱም የወንዶችና የሴቶች ልኬት በሚደራረብበት መካከለኛ ክልል ላይ ከወደቁ፣ «አልተለየም» ብለው ይመዝግቡና ጉዳዩን ለዲኤንኤ ምርመራ ያስተላልፉ።