የጭስ ክፍያን ትቃወማላችሁ? እንዲሰማችሁ እንዲህ አድርጉ

የምኖረው በለንደን ምዕራብ ዳርቻ፣ ሄይስ በሚባል ሰፈር ነው። ባለቤቴ እንጀራ ትጋግራለች፣ እኔ ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች አደርሳለሁ። ሳውዝሆል፣ ዌምብሊ፣ ሃሮው እዞራለሁ። ለዓመታት የሠራሁበት ቫን የ2013 ናፍጣ ነበር። ኦገስት 29 ቀን 2023 ዩሌዝ የሚባለው የጭስ ክፍያ እኛ ሰፈር ደረሰ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ቀኖች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ቀን ጀምሮ ቫኑ ከቤት በወጣ ቁጥር በቀን 12 ፓውንድ ከ50 ይጠየቅበት ጀመር። ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው በሳምንት 75 ፓውንድ፣ በዓመት 3,900 ፓውንድ ማለት ነው። ለእኛ ቤት ይህ የጤፍ መግዣ ነው።

ስለዚህ ተቃውሜያለሁ። አፈጻጸሙን ዛሬም እቃወማለሁ። ግን በዚያ ጊዜ ብዙ ዓይነት ተቃውሞ አይቻለሁ። አንዳንዱ ለሰው ጠብ የሚል ነገር አመጣ፣ አንዳንዱ ጩኸት ብቻ ሆኖ ቀረ። ልዩነቱ ምን እንደነበር ልንገራችሁ። እንዲህ ያለው ክፍያ በለንደን ብቻ ያለ አይደለም። በርሚንግሃም ከ2021፣ ብሪስቶል ከ2022 ጀምሮ ያስከፍላሉ። ነገ የእናንተም ከተማ ሊጀምር ይችላል።

መጀመሪያ የራሳችሁን መኪና እወቁ

ብዙ ሰው የሚቆጣው በማይመለከተው ነገር ነው። በለንደን ሕግ የቤንዚን መኪና ዩሮ 4 የሚባለውን የአውሮፓ የጭስ ደረጃ ካሟላ አይከፍልም። ከ2006 ወዲህ የተመዘገበ የቤንዚን መኪና አብዛኛውን ጊዜ ያሟላል። ናፍጣ ግን ዩሮ 6 መሆን አለበት፣ ይህም በጥቅሉ ከሴፕቴምበር 2015 በኋላ የተመዘገበው ነው። የእኔ ቫን የተያዘው በዚህ ነው። ፕሪየስ የሚነዱት የሚኒካብ ወንድሞቼ ደግሞ በዩሌዝ አይነኩም።

ክፍያውን በሚሰበስበው በትራንስፖርት ፎር ለንደን ድረ ገጽ ላይ ታርጋችሁን አስገቡና አረጋግጡ። የቤንዚን መኪናችሁ ከ2006 በፊት የተመዘገበ ከሆነ ተስፋ አትቁረጡ። ሊብሬውን አውጡና የናይትሮጅን ኦክሳይድ መጠን የተጻፈበትን መስመር ፈልጉ። በኪሎ ሜትር 0.08 ግራም ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሰነዱን ልካችሁ እንዲመዘገብላችሁ ጠይቁ። የምናውቃት አንዲት እህት አሮጌ ያሪሷን ልትሸጥ ስታስማማ ሊብሬውን አይተን አስቆምናት። ዛሬም በነጻ ትነዳለች።

ይህን ማወቅ ለኪሳችሁም ለተቃውሟችሁም ይጠቅማል። የ2010 ቤንዚን መኪና ያለው ሰው ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «አከሰራችሁኝ» ካለ፣ ከዚያ በኋላ የሚናገር እውነተኛ ተጎጂም አይታመንም።

አየሩን ሳይሆን አከፋፈሉን ተቃወሙ

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። ኤላ አዱ-ኪሲ-ዴብራ የምትባል ልጅ ነበረች። ሉዊሻም ውስጥ፣ ሳውዝ ሰርኩላር ከሚባለው የተጨናነቀ መንገድ አጠገብ ነበር የምትኖረው። ከባድ አስም ነበረባት። ፌብሩዋሪ 2013 በዘጠኝ ዓመቷ ሞተች። እናቷ ለዓመታት ታገለች። ዲሴምበር 2020 የሞት ምክንያት መርማሪው የአየር ብክለት ለልጅቷ ሞት አስተዋጽኦ ማድረጉን ወሰነ። እኔም ልጆች አሉኝ። ይህን ሰምቼ ጭሱ ችግር የለውም ልል አልችልም።

በ2023 በነበሩት ሰልፎች ላይ ግን ብክለት ፈጠራ ነው፣ መንግሥት ሰውን ቤቱ ሊዘጋበት ነው የሚሉ ነበሩ። ከእነሱ ራቁ። ከእነሱ ጋር ፎቶ ከተነሣችሁ የእናንተ 3,900 ፓውንድ ወሬ ከዚያ በኋላ አይነሣም። የምትቃወሙት ሌላ ነገር ነው። ወጪው በማን ላይ ወደቀ? ስንት ጊዜ ተሰጠን? መኪናውን ለመለወጥ አቅም የሌለው ሰው ምን ይሁን? እነዚህ መልስ የሚገባቸው ጥያቄዎች ናቸው።

ሳይወሰን በፊት ተናገሩ

ክፍያው ወደ ዳር ሰፈሮች ይስፋፋ ወይ በሚለው ላይ የለንደኑ የሕዝብ ምክክር ከሜይ 20 እስከ ጁላይ 29 ቀን 2022 ድረስ ክፍት ነበር። ከንቲባው ሳዲቅ ካን ኖቬምበር 25 ላይ ወሰነ። ታርጋ የሚያነቡት ካሜራዎች በየመንገዱ ሲተከሉ፣ የእኛ ሰው ስለ ነገሩ በደንብ ሲሰማ፣ ውሳኔው ከተሰጠ ወራት አልፈው ነበር። ሰልፉም ያን ጊዜ ነው የደመቀው።

ክፍያ ከተጀመረ በኋላ ተቃውሞ ይቀዘቅዛል። ስቶክሆልም በ2006 ለሰባት ወር ያህል የመንገድ ክፍያን ሞክራ ነበር። ከሙከራው በፊት አብዛኛው ሰው አልወደደውም። መንገዱ ሲቀልለት ሐሳቡን ቀየረና በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ የከተማዋ ነዋሪ ደገፈው። ስለዚህ የካውንስላችሁን (የአካባቢ አስተዳደራችሁን) የኢሜይል ዝርዝር ዛሬ ተመዝገቡ። ከየማኅበሩ፣ ከየዕድሩ አንድ ሰው ይህን የመከታተል ኃላፊነት ይውሰድ። ወጣቶቹ ቢሆኑ ይመረጣል፣ ለእነሱ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

የምክክር መልስ አጻጻፍ

ዋናው ሥራ ይህ ነው፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

በ2022ቱ ምክክር ከ57 ሺህ በላይ መልስ ገባ። ከመለሱት ውስጥ 59 በመቶው መስፋፋቱን ተቃወሙ። እንዲያም ሆኖ ተስፋፋ። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ «ታዲያ ምን ዋጋ አለው?» ይላል። ምክክር ግን ድምፅ መስጫ አይደለም። እጅ ቆጥረው አይወስኑም። የሚያነቡት ምክንያታችሁን ነው፤ ስለ እያንዳንዱ ዓይነት ቅሬታም በሪፖርት መልስ ይሰጣሉ። «እቃወማለሁ» ብቻ ካላችሁ ቁጥር ሆናችሁ ትቀራላችሁ። ችግራችሁን ከመፍትሔው ጋር ካቀረባችሁ ግን አንድ ባለሙያ ተቀምጦ መልስ ሊጽፍበት ይገደዳል።

በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዞረውን ደብዳቤ ኮፒ አድርጋችሁ አትላኩ። አንድ ዓይነት ጽሑፎች በአንድ ላይ ተጠቃለው ነው የሚታዩት። አንድ ሰው ጽፎ ሌላው የሚፈርምበት ወረቀትም ከሁሉ የደከመው መንገድ ነው። እኛ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ተቀመጥን። ትልልቆቹ የየራሳቸውን ታሪክ በአማርኛ ተናገሩ፣ ልጆቹ በእንግሊዝኛ ጻፉት። እንግሊዝኛ አልችልም ብሎ ቤቱ መቅረት የነበረበት ሰው አልነበረም።

ጥሩ መልስ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። ሂትሮው አየር ማረፊያ ሌሊት የምታጸዳ እህት አለችን። መጀመሪያ የተናገረችው «ድሃን መዝረፍ ነው» ብላ ነበር። እውነቷን ነው፣ ግን ያ አይበቃም። ጠየቅናት። ስንት ሰዓት ትወጫለሽ? ስንት ሰዓት ትመለሻለሽ? በአውቶቡስ ቢሆንስ? ከዚያ እንዲህ ተጻፈ፦

«ከምሽቱ አራት ሰዓት ከቤት ወጥቼ ሥራ የምገባ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። የምመለሰው ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ክፍያው ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ስለሚቆጠር ለአንድ የሥራ ፈረቃ የሁለት ቀን፣ 25 ፓውንድ እከፍላለሁ። በዚያ ሰዓት የማገኘው አውቶቡስ መንገዴን በእጥፍ ያረዝመዋል። የምጠይቀው፦ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ለአንድ ፈረቃ አንድ ክፍያ ብቻ ይክፈል። አነስተኛ ገቢ ላለንም መኪና መለወጫ ድጎማ ክፍያው ከመጀመሩ በፊት ይሰጠን።»

እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እዩት። ማን እንደሆነች፣ ስንት እንደምትከፍል፣ ለምን ሌላ አማራጭ እንደሌላት፣ ምን እንደምትጠይቅ። እናንተም በዚህ መንገድ ጻፉ። ቫን ካላችሁ የቫኑን ዓመት፣ ምን እንደምትጭኑ፣ የምትክ ቫን ዋጋ ጻፉ። አካል ጉዳተኛ የምታመላልሱ ከሆነ የሐኪም ቀጠሮውን ርቀት ጻፉ። ቤታችሁ የክፍያው ክልል ድንበር ላይ ከሆነ ትምህርት ቤቱ በየትኛው ወገን እንዳለ ጻፉ።

የእኩለ ሌሊቱ ጥያቄ ተቀባይነት አላገኘም፤ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሌሎች ጥያቄዎች ግን ተመለሱ። የተወሰኑ የአካል ጉዳት ድጎማዎች ለሚያገኙ ሰዎች እስከ ኦክቶበር 2027 የሚቆይ ነጻ ጊዜ ተሰጠ። አሮጌ መኪና ለሚያስወግዱ 110 ሚሊዮን ፓውንድ ተመደበ።

ከምክክሩ በኋላም ሥራ አለ

ካውንስለራችሁንና የፓርላማ ተወካያችሁን በአካል ሂዱና አግኙ። ሕዝብ የሚያገኙበት ቀን አላቸው። አምስት ሆናችሁ ሂዱ፣ አንዱ ይናገር፣ ሌሎቹ ማስረጃ ይያዙ። ሰላምታና ምስጋና አታብዙ። የጊዜው ግማሽ በዚያ ያልቃል።

የምርጫ ሰሞን ደግሞ ወርቅ ነው። ጁላይ 20 ቀን 2023 ከእኛ አጠገብ ባለው አክስብሪጅ የፓርላማ ማሟያ ምርጫ ነበር። የከንቲባው ተቃዋሚ የሆኑት ኮንሰርቫቲቮች በ495 ድምፅ ብቻ አሸነፉ፣ ወሬው ሁሉ ዩሌዝ ነበር። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ከንቲባው የድጎማውን ገንዘብ ወደ 160 ሚሊዮን ፓውንድ አሳደገው። እስከዚያ ድረስ ለተወሰኑ ሰዎች ብቻ የነበረው እስከ 2,000 ፓውንድ የሚደርስ የመኪና ድጎማ ደረጃውን ያላሟላ መኪና ላለው የለንደን ነዋሪ ሁሉ ተከፈተ። ለአነስተኛ ነጋዴ የቫን ድጎማ ከ5,000 ወደ 7,000 ፓውንድ ከፍ አለ። እኔም ቫኔን የለወጥኩት በዚህ ነው። ምርጫው ብቻውን አመጣው አልልም። ግን ድጎማው ለሁሉም ይሁን የሚለው ጥያቄ ከአንድ ዓመት በፊት ጀምሮ በጽሑፍ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። ፖለቲከኛ ሲደነግጥ የሚያነሣው አጠገቡ ያገኘውን ወረቀት ነው።

ማንቸስተርን አስታውሱ። እዚያ ለታክሲ፣ ለአውቶቡስና ለጭነት መኪና ክፍያው ሜይ 30 ቀን 2022 ሊጀምር ነበር፣ ቫኖችም ተከትለው ሊገቡ። የመንገድ ምልክቱ ሳይቀር ተተክሎ ነበር። ሹፌሮቹ ይዘው የመጡት ጥያቄ ግልጽ ነበር። የሚገዛ ንጹሕ መኪና በገበያ የለም፣ ቢኖርም የሰጣችሁን ድጎማ አይበቃም አሉ። ፌብሩዋሪ 2022 ነገሩ ቆመ። ጃንዋሪ 2025 መንግሥት ክፍያ የሌለበትን ዕቅድ ተቀበለ፣ ገንዘቡ ለአውቶቡስና ለታክሲ ማሻሻያ ሆነ።

ፍርድ ቤት ላይ ብዙ ተስፋ አትጣሉ። ቤክስሊ፣ ብሮምሊ፣ ሃሮው፣ ሂሊንግደንና ሰሪ የሚባሉት አምስት ካውንስሎች ከንቲባውን ከሰሱ። ጁላይ 28 ቀን 2023 ተሸነፉ። ዳኛ የሚያየው ውሳኔው በሕግ ሥልጣን መሰጠቱን ነው። ጥሩ ይሁን መጥፎ አይመዝንም።

ካሜራ የሚቆርጡትና የሚሰብሩት ሰዎች ጋር ደግሞ በጭራሽ አትጠጉ። ወንጀል ነው። እንደ ብዙዎቻችን የመኖሪያ ፈቃድ ወይም ዜግነት የሚጠባበቅ ሰው የወንጀል ሪከርድ ከገባበት የሚያጣው ከ12 ፓውንድ ከ50 እጅግ ይበልጣል። የተሰበረው ካሜራ ቦታ ላይም ሌላ ይተከላል።

እየተቃወማችሁ ክፈሉ

አለመክፈል ተቃውሞ አይደለም። ቅጣቱ 180 ፓውንድ ነው፣ በ14 ቀን ውስጥ ከከፈላችሁ 90። ክፍያውን ከነዳችሁበት ቀን ቀጥሎ እስካለው ሦስተኛ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ መክፈል ትችላላችሁ። በጉግል ፍለጋ መጀመሪያ ላይ የሚመጡ ተጨማሪ ገንዘብ የሚወስዱ ድረ ገጾች አሉ፣ ከትራንስፖርት ፎር ለንደን ውጭ አትክፈሉ። መኪና መዋዋስ ልማዳችን ነው፣ ግን ቅጣቱ የሚመጣው ሊብሬው ላይ ስሙ ላለው ሰው ነው። ቅጣቱ ስህተት ከሆነ፣ ለምሳሌ መኪናውን ቀድማችሁ ሸጣችሁ ከሆነ፣ በ28 ቀን ውስጥ ማስረጃ አያይዛችሁ ጻፉ። ካልተቀበሏችሁ ወደ ለንደን ትራይቡናልስ ይግባኝ በሉ፣ ገለልተኛ ነው፣ ገንዘብም አያስከፍልም።

ለአካል ጉዳተኞች የተሰጠው ነጻ ጊዜ ኦክቶበር 24 ቀን 2027 ያበቃል። ቤታችሁ ውስጥ የሚመለከተው ሰው ካለ ከንቲባውን በሚቆጣጠረው የከተማ ምክር ቤት፣ በለንደን አሴምብሊ፣ ላለው ተወካያችሁ አሁኑኑ ጻፉ። መኪናው ምን እንደሆነ፣ ማንን እንደሚያመላልስ፣ ስንት ዓመት ተጨማሪ እንደምትጠይቁ ጥቀሱ። መልስ ካልመጣ በወሩ ደግማችሁ ላኩ።