ዛንዚባር ላይ የቀን ጉዞ ስታስቡ ከባሕሩ ጀምሩ

እኔ ዛንዚባር ላይ ለቀን ጉዞ ስነሳ መጀመሪያ የምጠይቀው ባሕሩ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚሸሽ ነው። በምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ፣ ውሃው ሲሸሽ አሸዋው እስከ ሩቅ ይገለጣል። ያኔ መዋኘት አይታሰብም። ለእግር ጉዞ ግን እንደሱ የለም! ሴቶች ጎንበስ ብለው፣ ውሃው ውስጥ በተወጠረ ገመድ ላይ የሚያለሙትን የባሕር አረም ሲለቅሙ ታያላችሁ። ጫማ አድርጉ፤ የባሕር ጃርት እሾህ ክፉ ነው። ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ስለሚገፋ፣ የትናንቱን ይዛችሁ እንዳትወጡ። የግድ መዋኘት ካማራችሁ ወደ ሰሜን፣ ኑንግዊ ሂዱ።

ጆዛኒ ደን ፀሐይ ሳይበረታ ይሻላል። እዚያ ያሉት ቀይ ኮሎበሶች የጉሬዛ ዘመድ ናቸው፤ ከዛንዚባር ደሴቶች ውጭ የትም አይገኙም። ቅርብ ቢመጡም አትንኳቸው፣ ምግብም አትስጧቸው።

ከሲሸልስ የመጡትን ግዙፍ ኤሊዎች ለማየት ከስቶን ታውን፣ ማለትም ከዛንዚባር ከተማ አሮጌው ክፍል፣ ወደ ቻንጉ ደሴት በጀልባ ተሻገሩ። ዋጋውን ደርሶ መልስ መሆኑን አረጋግጣችሁ ተስማሙ። የሕይወት አድን ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ፣ በቃ። ስቶን ታውን ስትመለሱ ትከሻና ጉልበት ሸፈን አድርጉ፤ ነዋሪው በአብዛኛው ሙስሊም ነው።