የሴቶች መስጊድና ማዕከል ሲነደፍ መጀመሪያ መግቢያው ይሳል

ብዙዎች ከጣሪያው ይጀምራሉ፤ መቅደም ያለበት ግን የመግቢያው አቀማመጥ ነው። ሐይድ (የወር አበባ) ላይ ያለች ሴት፣ አብዛኞቹ ዑለማዎች (የሃይማኖቱ ሊቃውንት) እንደሚሉት፣ መስጊድ ውስጥ አትቆይም። ቤተ መጻሕፍቱና መማሪያ ክፍሎቹ በሶላት አዳራሹ አልፈው የሚደረስባቸው ከሆነ በየወሩ ለቀናት ይዘጉባታል። ስለዚህ ዋናው በር ወደ ጋራ መተላለፊያ ያስገባ፤ ከዚያ አንዱ በር ወደ አዳራሹ፣ ሌሎቹ ወደ ማዕከሉ ይክፈቱ። ወቅፉ (ንብረቱ ለአላህ ተብሎ የሚሰጥበት ሰነድ) ሲጻፍም የትኛው ክፍል መስጊድ እንደሆነ፣ የትኛው እንዳልሆነ በፕላኑ ላይ ተለይቶ ይስፈር።

ቂብላን (ሲሰገድ የሚዞርበትን፣ በመካ ያለውን የካዕባ አቅጣጫ) በስልክ ኮምፓስ ብቻ አትወስኑ፤ ፌሮ ያሳስተዋል። ግንቦት 20 እና ሐምሌ 9 ገደማ፣ በመካ ሰዓት እንደ ቅደም ተከተላቸው ከቀኑ 6፡18 እና 6፡27 ላይ ፀሐይ ልክ ከካዕባ አናት በላይ ትሆናለች። በዚያች ደቂቃ ፀሐይ በሚታይበት ቦታ ሁሉ፣ ቀጥ ብሎ የተተከለ እንጨት ጥላ ከጫፉ ወደ ሥሩ ሲከተሉት ቂብላውን ያሳያል።

ለአንዲት ሰጋጅ 60 ሴ.ሜ ወርድና 120 ሴ.ሜ ርዝመት ያዙ፤ ለ200 ሴቶች 144 ካሬ ሜትር ነው፣ መተላለፊያው ሳይጨመር። ምሰሶ ሰፍ (የሰጋጆችን ረድፍ) ስለሚቆርጥ ወደ ግድግዳዎቹ ይጠጋ። ሴት ሴቶችን ስታሰግድ በመጀመሪያው ሰፍ መሐል ስለምትቆም ጥልቅ ሚህራብ (በቂብላ በኩል ያለ የግድግዳ ጉድጓድ) አያስፈልግም፤ አቅጣጫ የሚያሳይ ጥልቀት የሌለው ይበቃል።

የውዱእ (ከሶላት በፊት የሚደረግ ትጥበት) ክፍሉ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። ሒጃብ የሚወልቀው እዚያ ነውና በሩ ቢከፈት እንኳ ውስጡ እንዳይታይ መግቢያው ይታጠፍ። መቀመጫው 45 ሴ.ሜ ከፍታ፣ በቧንቧዎቹ መካከል ቢያንስ 80 ሴ.ሜ ርቀት፣ ወለሉ 2 በመቶ ተዳፋትና የማያንሸራትት ሴራሚክ ይኑረው። ለልብስና ለቦርሳ ማንጠልጠያ በየመቀመጫው ያስፈልጋል፤ ይህ ከተረሳ ልብሱ እርጥብ ወለል ላይ ይወድቃል። ሽንት ቤቱ ለብቻው ይሁን፣ መቀመጫውም ፊቱንም ጀርባውንም ለቂብላ አይስጥ። ከውዱእ ወደ አዳራሹ ሲወጣ እግር የሚደርቅበት ቦታ ካልተተወ ምንጣፉ ቶሎ ይሸታል።

ልጆች የያዙ እናቶች ከጀመዓው (በኅብረት ከሚሰግዱት) እንዳይነጠሉ፣ ከአዳራሹ ጋር በመስታወት የተያያዘና ድምፅ ማጉያ ያለው ክፍል ስጧቸው።

ለብርሃን፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በኳታር ዋና ከተማ ዶሃ ውስጥ የተከፈተው የአል ሙጃዲላ የሴቶች መስጊድ ጥሩ ትምህርት ነው፤ ጣሪያው ከ5,000 በላይ ትንንሽ የብርሃን ቀዳዳዎች አሉት። ቀዳዳው ጠባብና ጥልቅ ሲሆን ብርሃኑ ለስልሶ ይገባል። ይህን ስትሞክሩ የውኃ መከላከያው በእያንዳንዱ ቀዳዳ ዙሪያ ቢያንስ 15 ሴ.ሜ ወደ ላይ ይውጣ፤ አለዚያ ጣሪያው በየመገጣጠሚያው ያፈስሳል።