የልጅን ጠባይ ስናርም ሌላ ጣጣ እንዳናመጣ ምን እናድርግ?

መሸለምም ሆነ መቅጣት ከታሰበው ውጤት ጋር ያልታሰበ ጣጣ ሊያስከትል ስለሚችል፣ ወላጅ አንዱን መንገድ ከመጀመሩ በፊት ምን ይዞ እንደሚመጣ ቢያስብበት ይበጃል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ግን የልጁን ለቅሶና ረብሻ አይቶ እንዳላዩ ችላ ማለት ነው። በለቅሶ የሚጠይቀውን የተከለከለ ልጅ ወዲያው ዝም አይልም፤ እስከ ዛሬ ያዋጣው የነበረ ለቅሶ አላዋጣ ስላለው ለጊዜው ይብስበታል፣ መሬት ላይ ይንከባለላል፣ ዕቃም ይወረውራል። ይህ ዘዴው መክሸፉን አያሳይም። ፈተናው የሚመጣው፣ ደሴም ይሁን ሐይቅ፣ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት በተሰበሰበበት ሰዓት ነው። ልጁ ለከረሜላ ይጮኻል፤ እናቱ አቦሉ እስኪጠጣ ትታገሣለች፤ ቶናው ሲቀዳ አንዷ «ኧረ ስጪው፣ ምን አለበት!» ስትላት አፍራ ትሰጠዋለች። ልጁም አጥብቆ ከጮኸ እንደሚያገኝ ይማራል፤ አንዳንዴ ብቻ የሚሳካ ጠባይ ደግሞ ሁልጊዜ ከሚሳካው ይልቅ ለመጥፋት ያስቸግራል። ስለዚህ ለቡና አጣጪዎችዎና በቤት ላሉ አያቶች አስቀድመው ይንገሩ፤ ልጁ በጨዋ ደንብ ሲጠይቅ ቶሎ ይስሙት፤ መጽናት የማይችሉ ከመሰለዎ ግን ባይጀምሩት ይሻላል። ራሱን ወይም ሌላውን የሚጎዳ ልጅ ፈጽሞ ችላ አይባልም።

ሽልማትም የራሱ መዘዝ አለው። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት በአሜሪካ ባሳተሙት ጥናት፣ ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናት ሽልማት እንደሚያገኙ ቃል ተገብቶላቸው ከሣሉ በኋላ በራሳቸው ፍላጎት የሚሥሉበት ጊዜ ቀንሷል፤ ሳይጠብቁት የተሸለሙት ላይ ግን ይህ አልታየም። በወሎ ታላላቆችን እጅ የሚያስታጥብ ልጅ ምርቃት ይቀበላል፤ በደስታ ለሚያደርገው ነገር ብር መጨመር፣ በእኔ እምነት፣ ያንን ደስታ መሸርሸር ነው።

ዱላና በርበሬ ማጠን ጥፋቱን ለጊዜው ስለሚያስቆሙ ወላጁ ደግሞ ደጋግሞ ይሞክራቸዋል፤ ልጁ ግን መደበቅን፣ መዋሸትንና ታናሹን መምታትን ይማራል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል።

ከክፍል ማስወጣትም ቢሆን ይታሰብበት፤ ሒሳብ የከበደው ተማሪ በመረበሹ ውጭ ቢወጣ የፈለገውን አገኘ ማለት ነውና፣ መምህሩ እዚያው አስቀምጦ የቱ ጋ እንደከበደው ቢጠይቀውና የጀመረውን ጥያቄ አብሮት ቢሠራ ይመረጣል።