አንዱን መድኃኒት ለራሱ ዳርኩት፦ በኮምፒውተር የካንሰር መድኃኒት ስታጣምሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ክረምት ሲገባ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ መስኮት ላይ ይለጠፋል። እንደዚያ ባለ አንድ ማታ ላፕቶፔ ላይ የሠራሁት ሞዴል፣ ማለትም ከዳታ ተምሮ የሚገምት ፕሮግራም፣ ሥራውን ጨረሰና «አብረው ቢሰጡ ይደጋገፋሉ» ያላቸውን የካንሰር መድኃኒቶች ጥንድ ጥንድ አድርጎ ደረጃ አወጣልኝ። እንቅልፍ የለም በቃ። በነጋታው ዝርዝሩን ይዤ ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩ። ኬሞ የምትሰጥ ሲስተር ናት። አቦሉን እየቀዳች አንደኛ የወጣውን አነበበችና «አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ አንድ መድኃኒት ነው!» አለችኝ።

ዶክሶሩቢሲን እና አድሪያማይሲን። አንዱ ዋና ስሙ፣ ሌላው የንግድ ስሙ። ያ ቀዩ ፈሳሽ። እኔ ለራሱ ድሬው «ግኝት» እያልኩ አደርኩ።

ስለዚህ አንደኛው ስህተት ስም ሳያጠሩ ወደ ሞዴል መሮጥ ነው። ዳታ ከተለያየ ቦታ ስትለቃቅሙ አንዱ መድኃኒት በንግድ ስም፣ በዋና ስምና በላብራቶሪ ኮድ ሦስት ሆኖ ይመጣል። በኬሚካል መዋቅሩ አመሳስሉት፣ ስም ያታልላል። መድኃኒቱ የሚሞከርባቸው ሴሎችም ያው ናቸው። ኤምዲኤ-ኤምቢ-435 የሚባለው ሴል ላይን (ላብራቶሪ ውስጥ እየተባዛ የሚኖር የሴል ዘር) ለዓመታት የጡት ካንሰር ነው ተብሎ ሲሠራበት ኖሮ፣ በኋላ በዘረመል ሲመረመር ሜላኖማ፣ የቆዳ ካንሰር፣ ሆኖ ተገኘ። በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ዝነኛ 60 ሴል ላይኖች ውስጥም አለ። «ጡት» በሚል አምድ ሥር ካገኛችሁት አውጡት።

ግን አንድ መድኃኒት ከራሱ ጋር እንዴት አንደኛ ይወጣል? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነውና።

ሲነርጂ የምንለው ሁለቱ አብረው ከሚጠበቀው በላይ ሲገድሉ ነው። የሚጠበቀው ስንት ነው? 100 ሴል አለ እንበል። አንዱ መድኃኒት ለብቻው 40 ይገድላል፣ ሌላው 30። አብረው 60 ገደሉ። ከ40 ጋር ካስተያያችሁት ድንቅ ነው። ግን ሳይተዋወቁ ቢሠሩም እኮ መጀመሪያ 40 ይሞታል፣ ከቀሩት 60 ደግሞ 30 በመቶው፣ ማለትም 18 ይሞታል፣ ድምሩ 58። ትርፉ 2 ነው፣ 2 ደግሞ ፒፔት (የላብራቶሪ ፈሳሽ መለኪያ) የያዘ እጅ ሲንቀጠቀጥም ይመጣል። ይሄ ብሊስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1939 ያስቀመጠው ስሌት ነው፣ የእኔም ሞዴል የተማረው በእሱ ነበር።

ችግሩ እሱም ይሸወዳል። አንዳንድ መድኃኒት በትንሽ ዶዝ ዝም ይልና ዶዙ እጥፍ ሲሆን ድንገት ይጨርሳል። አንድ እጅ 5 በመቶ ገደለ እንበል፣ ሁለት እጅ 60 በመቶ። በብሊስ ሒሳብ ግን 5 እና 5 አብረው 10 እንኳ አይሞሉም፣ ስለዚህ «ተዓምር!» ይላል። ቡና ላይ ቡና ጨምሮ «ወፈረ» ብሎ እንደ መደነቅ ነው። ሎዌ የሚባል ሌላ ተመራማሪ ያወጣው ስሌት ግን መነሻው ራሱ «ያንኑ መድኃኒት ብጨምርስ?» የሚል ስለሆነ በዚህ አይታለልም። ሁለቱንም አስሉ። አንድ መድኃኒት ከራሱ ጋር ተጣምሮ ዝርዝሩ ውስጥ ይግባ፣ ሲነርጂ አለው ከተባለ ስሌታችሁ ታሟል።

ቀጥሎ የዳታ አከፋፈል። ይሄኛው እንኳን ጀማሪውን ነባሩንም ይጥላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አልማናክ የሚባለው ዳታ 104 መድኃኒቶችን አጣምሮ ከ5,000 በላይ ጥንዶችን በእነዚያው 60 ሴል ላይኖች ላይ ሞክሯል። ያንን ዝም ብላችሁ በዕጣ ለመማሪያና ለመፈተኛ ከከፈላችሁት፣ ሞዴሉ ሲፈተን የሚያየው ጥንድ ሌላ ሴል ላይ ሲማር ያየው ነው። የ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ፌስቡክ ላይ የወጣ ጊዜ ትዝ አይላችሁም? ያው ነው። እኔ አንዳንድ መድኃኒቶችን ከመማሪያው ሙሉ በሙሉ አስወጥቼ በእነሱ ስፈትነው፣ ያ የኮራሁበት ውጤት ግማሽ በግማሽ ወረደ። አብሽሩ፣ የወረደው ነው እውነተኛው። ሀ ከለ እና ለ ከሀ አንድ ጥንድ መሆናቸውንም አትርሱ፣ አንዱ መማሪያ ሌላው መፈተኛ ውስጥ ከገባ ያው መኮረጅ ነው።

ዶዝን ባጭሩ፦ የላብራቶሪ ሳህን ላይ ሴል የጨረሰው መጠን በሰው ደም ውስጥ የማይደረስበት ከሆነ ጥንዱን ከዝርዝሩ አውጡ።

ጉዳቱን መርሳት ደግሞ ከሁሉም ያስፈራኛል። ሳህን ላይ ልብ የለም። ትራስቱዙማብ ለጡት ካንሰር ትልቅ መድኃኒት ነው፣ ግን እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመው ጥናት ከዶክሶሩቢሲን ወገን መድኃኒቶች ጋር አብሮ ሲሰጥ ከ100 ሴቶች በ27ቱ ላይ የልብ ችግር ታይቷል። ካንሰሩ ላይ ጥንዱ በርትቶ ነበር፤ ሴል ብቻ ያየ ሞዴል ግን ስለ ልብ ምንም አይነግራችሁም። ቢያንስ ሁለቱም ያንኑ አካል የሚጎዱ ጥንዶችን የምትለዩበት አምድ ይኑራችሁ።

የመጨረሻው የአስተሳሰብ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያልን ስላደግን ጥሩ ጥምረት ማለት የግድ መደጋገፍ ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ2017 ፓልመር እና ሶርገር የተባሉ ተመራማሪዎች የሕክምና ሙከራዎችን መርምረው ያሳዩት ግን የብዙዎቹ ጥምረቶች ጥቅም ያለ ሲነርጂም እንደሚብራራ ነው። አንዷ ታካሚ በአንዱ መድኃኒት ትድናለች፣ ሌላዋ በሁለተኛው፣ የትኛዋ በየትኛው እንደምትድን አስቀድሞ ስለማይታወቅ ሁለቱም ይሰጣሉ። የቲቢ መድኃኒት አራት ሆኖ የሚጀመረውም ተህዋሲው አንዱን ቢለምድ ሌላው እንዲይዘው ነው። ስለዚህ በሲነርጂ ብቻ ደረጃ ካወጣችሁ ጥሩ ጥሩውን ከታች ትቀብሩታላችሁ።

አሁን ዝርዝሬ መጀመሪያ የሚሄደው ሲስተር ዘንድ ነው። ባለፈው ሁለት ጥንድ በእስክሪብቶ ሰረዘችብኝ። ሁለቱም ውስጥ ሲስፕላቲን ነበረበት። «ኩላሊቱስ?» አለችኝ፣ በረካውን እየቀዳች።